አርባ አንደኛው ትሪ

ሽማግሌው ራሳቸው ባስቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ሲገኙ ውሃው ደረት ደርሶ ነበር። ጉድጓዱ ከባሕሩ ዳር፣ ከረግረጉ መሃል ነው፤ ሦስት ሜትር ተኩል ጥልቀት፣ በሳንቃ የተደገፈ ግድግዳ፣ አንድ የብረት መሰላል። ፓምፕ ቀን ከሌት እየሳበ ካልደፋው በቀር የባሕሩ ሙላት ከሥር እየመነጨ ባንድ ሌሊት ግማሹን ይሞላዋል። ያን ሌሊት ፓምፑ ቆሞ አደረ።

መርማሪው ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሲደርስ አስከሬኑ ወጥቶ በሸራ ተሸፍኗል። ይህን መርማሪ የሥራ ባልደረቦቹ «ቀስ በል» ይሉታል፤ ሰው ሲቸኩልበት የሚናገራት ቃል ስም ሆና ቀረችበት። ወፍራም ነው፣ ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል፣ እንደ ጭቃ የሚጠላው ነገር የለም። አለቃው ግን ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስል፣ ጭቃ ውስጥ ሬሳ በተገኘ ቁጥር የሚልከው እሱን ነው። ረግረጉ አንድ ጫማውን ሊውጥበት ሲል ታግሎ አስጣለና እያነከሰ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ።

እዚያ ናፍጣ ጀሪካን ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ እስከ አንገቱ ርሷል፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሯል። የፓምፑ ሠራተኛ ነው። ከሽማግሌው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«ቀስ በል» አለው መርማሪው። «ከመጀመሪያው ጀምር።»

ከመጀመሪያው ጀመረ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሞተሩን ሰልባቲዮ በናፍጣ ሞላ፤ እስከ ጧት የሚያስኬድ ነው። የሞላ ይመስለዋል እንጂ አሁን በራሱ አይተማመንም። ልጁ ታማ ሦስት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም፤ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እንደ ድንጋይ ወደቀ። አባባ ጭቃ ደግሞ (ሠራተኛው ሁሉ ሽማግሌውን እንዲህ ነው የሚጠራቸው) ከመሸ በኋላ ወደ ጉድጓዱ ወርደው ግድግዳውን የማየት አመል ነበራቸው። ጧት መጥቶ ጀርባቸውን ውሃ ላይ ሲያየው ዘሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶት ነበር። ሽማግሌው ከመሰላሉ ተንሸራተቱ፣ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፣ ፓምፑ ስለቆመ ውሃው መጣባቸው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሰውየውም አምኖ ፈርሟል። ነገ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

መርማሪው ወደ ሞተሩ ሄደ። የሰልባቲዮውን ክዳን ፈትቶ ቀጭን እንጨት ከተተበትና በጣቱ ለካው። ሁለት ጣት ጎድሏል። ማጥፊያውን አየ፤ ተዘግቷል።

«ይሄ ሞተር በሰዓት ስንት ይጠጣል?»

«አንድ ጣት።»

«ጧት ስትመጣ ነክተኸዋል?»

«ምኑን ልንካ? እሳቸውን አይቼ እኮ ነው የገባሁት።»

መርማሪው ክዳኑን መልሶ አጠበቀ። ናፍጣ አላለቀም፤ ሰው በእጁ ዘግቶታል፣ ያውም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ። ይህን ለዚያ ለተጨነቀ ሰው ነግሮ ቢገላግለው ደስ ባለው። ግን ደንግጦ ራሱ ዘግቶት ይሆናል ቢሉት የሚመልሰው የለውም፤ እውነተኛው ዘጊም ወሬውን ከሰማ ዱካውን ያጠፋል። ማስታወሻው ላይ ብቻ ጻፈው፤ ሰውየውን በካቴና ወሰዱት።

ከሸራው ሥር ያሉትን ሽማግሌ ተንበርክኮ አያቸው። መነጽራቸው አንገታቸው ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ግራው መስታወት ተሰብሮ የጥፍር ያህል ጥግ ጎድሎታል።

የቁፋሮውን ግቢ ቁልፍ የያዙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጥናቱን ይመሩ የነበሩት ሟች፣ የፓምፑ ሠራተኛ፣ የሟቹ ምክትልና የማይክሮስኮፕ ባለሙያዋ። መርማሪው በምክትሉ ጀመረ። ሃምሳን የተጠጋ፣ ከዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ጥፍሩ የነጣ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ለቅሶው የውሸት አይመስልም፣ አልነበረምም።

ሥራቸውን አስረዳው። ረጅም ቱቦ መሬት ውስጥ ይሰዳሉ፤ ቱቦው ሲወጣ በሆዱ የደለል ዓምድ ይዞ ይወጣል። ታችኛው አሮጌ፣ ላይኛው አዲስ ነው። ዓምዱን በቁመቱ ሰንጥቀው ንብርብሩን ያነብባሉ፤ የዛሬ ስድስት ሺህ ዓመት ይህ ቦታ ጨው ባሕር ነበር ወይስ ጣፋጭ ውሃ ያለው ረግረግ፣ ዳር ዳሩን የሰፈረው ሰው ምን አጥምዶ በላ፣ ምን አነደደ። ከየንብርብሩ የተቆረጠው ጭቃ ገንዳ ውስጥ ይበጠበጣል፣ በወንፊት ይጠለላል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው የዓሣ አጥንት፣ የሸምበቆ ዘር፣ የከሰል ፍርፋሪ ትሪ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ትሪው ላይ ወረቀት አለ፤ ጥልቀቱ፣ የታጠበበት ቀን፣ ያጠበው ሰው ምልክት።

«በዚህ ቤት የተሳሳተ ወረቀት አያገኙም» አለ ምክትሉ። «አንድ ወረቀት ከተሳሳተ የሺህ ዓመት ታሪክ ይሳሳታል። ከእጄ የማትወጣ ትምህርት ናት፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አባቴ ነበሩ።»

«ትናንት ናሙና ያጠበ አለ?»

«ማንም። ገንዳው ባዶ ነበር። እኔም አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።»

ባለሙያዋ ደግሞ አላለቀሰችም። ትከሻዋ ላይ የሹራብ ጃኬት ጣል አድርጋ ማይክሮስኮፗ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ከሽማግሌው ጋር ከትናንት ወዲያ እስከ ደጅ የሚሰማ ጭቅጭቅ እንደነበራት አልደበቀችም፤ ሌላ ተቋም ጠርቷት ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሥራው ሳያልቅ አለቅሽም ብለዋታል። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ወጣች፤ እናቷ ቤት ነበረች፣ እናቷ ግን ቀንና ሰዓት የማይለዩ አሮጊት ናቸው። መርማሪው ይህን ሁሉ በልቡ ያዘ። ሰው የሚጎዳውን ነገር ሳይጠየቅ ሲናገር ወይ ንጹሕ ነው ወይ በጣም ብልጥ ነው፤ ገና አልለየለትም።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላየሽባቸውም?»

«አሮጌውን ቱቦ፣ ቁጥር አንድን አውጥተው ሳምንቱን ሙሉ አፍጥጠውበት ከረሙ። ምን አገኙ ስላቸው ‹ሥሩን እያየሁ ነው› አሉኝ። የምክትላችን መጽሐፍ የቆመው በዚያ ቱቦ ላይ ነው። ባሕሩ ቀድሞ ነበር፣ ሸሸና ጣፋጩ ረግረግ መጣ፣ ከዚያ ሰው ሰፈረ ይላል። ሃያ ዓመት ይኸው ነው የሚጠቀሰው።»

ቱቦው ያለበት ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ አየው። የተሰነጠቀው ዓምድ ጎኑ ላይ ቀስት ተስሎበታል፤ ከቀስቱ ጫፍ «ላይ» የሚል ተጽፏል። ጥቁር የሸምበቆ ሥሮች ደለሉን ሰንጥቀው አልፈዋል። መርማሪው ልጅ ሆኖ የእናቱን ጓሮ አረም ሲነቅል ያደገ ሰው ነው፤ ሥር የሚቀጥነውና የሚበታተነው ወደ ታች እንደሆነ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገውም። እነዚህ ሥሮች ግን የሚቀጥኑት ወደ ቀስቱ ጫፍ ነው። ብዙ ቆሞ አያቸው፤ ቅዝቃዜው ጉልበቱን ሲጠዘጥዘው ወጣ።

ወደ ማድረቂያው ክፍል አለፈ። አርባ አንድ ትሪዎች መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል። አርባው ደርቀዋል፤ አርባ አንደኛው ገና እርጥብ ነው። ወረቀቱ «አምስት ሜትር» ይላል፣ ከሥሩ ቀንና ምልክት አለበት። መርማሪው ሁለቱንም ማስታወሻው ላይ ገለበጠ። ትሪው ላይ ከእርጥብ ፍርፋሪ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ ተነሥቶ ጉድጓዱ ሲደርቅ ከሥሩ ያለውን ጭቃ በሙሉ በቀጭኑ ወንፊት አስጠለለ። ባለሙያዋና ሁለት ፖሊሶች ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። ዛጎል ወጣ፣ የእንጨት ስንጣሪ ወጣ፤ መስታወት ግን የለም። መነጽሩ የተሰበረው እዚያ አልነበረም።

ሐኪሙ ከሆስፒታል ደውሎ ሽማግሌው በርግጥ በውሃ ታፍነው መሞታቸውን ነገረው። ማጅራታቸው ላይ ደግሞ ጣቶች የተጫኑበት የሚመስል ብልዝ አለ። መርማሪው ከሳንባቸው የተቀዳውን ውሃ በጠርሙስ እንዲሰጠው ለመነው። ሐኪሙ ለምን ብሎ ቢጠይቅ «አላውቅም፣ ለሚያውቅ ሰው ላሳየው ነው» አለ።

ሁለት ጠርሙስ ይዞ ወደ ባለሙያዋ ተመለሰ፤ «ሀ» ከጉድጓዱ፣ «ለ» ከሳንባው። ከየት እንደመጡ አልነገራትም። ፖሊስ ቤት የቆዩ ናሙናዎች ናቸው አላት። ውሸት አይወድም፤ ግን ይህች ሴት ገዳይዋ ከሆነች እውነቱን ካወቀች ውሸት ታነብለታለች። እሷም ከየጠርሙሱ ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሰች። የምታየው ዓይን የማያያቸውን የውሃ ዕፅዋት ነው፤ ሲሞቱ እንደ መስታወት ያለ ቅርፊት ትተው ያልፋሉ፣ የጨው ውሃውና የጣፋጩ ውሃ ቅርፊት በመልክ አይገናኝም።

«‹ሀ› የዛሬ ባሕር ነው» አለች። «ሙላቱ በየቀኑ የሚያመጣቸው ናቸው።» ሁለተኛውን አይታ ቀና አለች፤ ደግማ አየች። «‹ለ›ን ማን ሰጠዎት?»

«ምን አለበት?»

«ጣፋጭ ውሃ። እነዚህ በዚህ ዳርቻ ከጠፉ ስድስት ሺህ ዓመታቸው ነው። የሚገኙት አምስት ሜትር ላይ ካለው ንብርብር ብቻ ነው።»

«ጉድጓዱ ውስጥስ?»

«ጉድጓዱ እዚያ አልደረሰም። በቱቦ ነው ያወጣነው። የእኔ ንብርብር ፖሊስ ቤት ምን ይሠራል?»

መርማሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽማግሌው ከሞቱ አንድ ቀን አልሞላቸውም፣ የሞቱበት ውሃ ግን የስድስት ሺህ ዓመት ደለል የተበጠበጠበት ነው።

ማምሻውን ከፖሊስ ጣቢያው በር የፓምፑ ሠራተኛ ሚስት ጠበቀችው። ምሳ ዕቃው በእጇ ነው፣ አልተከፈተም።

«አፈር ስሆን፣ ጋሼ» አለችው። «እህል አልቀምስም ብሏል። ገደልኳቸው ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ነገ እንዲህ እንዳለ ከፈረዱበት ታስሮ አይቆይም፣ ራሱን ያጠፋል። አውቀዋለሁ።»

ተስፋ ሊሰጣት ፈለገ፤ ያልጨበጠውን ነገር ሰጥቶ መልሶ ከመንጠቅ መከልከል ይሻላል ብሎ ተወው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቁፋሮው ግቢ ነይ ብቻ አላት። ያን ሌሊት አልተኛም ቢባል ውሸት ይሆናል፤ ተኛ፣ ግን ሁለት ጊዜ ባንኖ ትሪውን አሰበው።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። የጧት ፀሐይ በማድረቂያው ክፍል መስኮት ገብታ መደርደሪያው ላይ አርፋለች። አርባ አንደኛው ትሪ አድሮ ደርቋል። ከሸምበቆው ዘርና ከዓሣ አጥንቱ መሃል አንዲት ነገር ብልጭ አለች። መርማሪው በወረንጦ አነሣትና የሽማግሌውን መነጽር ከኪሱ አውጥቶ ገጠማት። ልክ ገባች።

ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በማጠቢያው ክፍል፣ ገንዳው ዙሪያ ቆሙ። ምክትሉና ባለሙያዋ በአንድ ወገን፣ ሐኪሙ በር ላይ፣ የፓምፑ ሠራተኛ ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ፣ ሚስቱ ክንዱን ይዛ። ሰውየው ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

«ሦስት ነገር ልንገራችሁ» አለ መርማሪው። «ፓምፑ ናፍጣ አልጨረሰም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰው በእጁ ዘጋው። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱን ጠልለን መስታወት አጣን። ስለዚህ እሳቸው ሌላ ቦታ ሞተው ነው ወደዚያ የተወሰዱት፤ ቱቦ የሚገፋበት ጋሪ አንድ ሽማግሌ አያቅተውም። ሦስተኛ፣ ሳንባቸው ውስጥ የነበረው ውሃ ይኼ ነው።» ገንዳውን በእጁ መታ መታ አደረገው። «የአምስት ሜትሩ ጭቃ የተበጠበጠበት። ያወቅኩት ከዚህች ልጅ ነው፤ ስታነብልኝ የማንን ውሃ እንደምታነብ አታውቅም ነበር። ጥፋተኛዋ እሷ ብትሆን ኖሮ፣ ‹የእኔ ንብርብር› ብላ ራሷ ባልጮኸች።»

ባለሙያዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ያን ቀን ማንም አላጠበም ተባልኩ። ትሪው ግን በማግስቱ እርጥብ ነበር። አሰብኩት፤ ሰው ገድሎ፣ ሬሳ ገፍቶ ጥሎ፣ ፓምፕ ዘግቶ፣ ተመልሶ መጥቶ ጭቃ የሚያጥብ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ወደ ምክትሉ ዞረ። እስካሁን እርስዎ ሲለው የነበረውን ሰው አንተ አለው። «ግማሽ የታጠበ ናሙና ማለት የተበላሸ ናሙና ነው፤ አንተ ደግሞ ናሙና አታበላሽም። እጅህ በራሱ ጨረሰው። ጠለልክ፣ ትሪ ላይ ሰጣህ፣ ወረቀት ጻፍክ። መስታወት እርጥብ ሲሆን አይታይም፤ ሲደርቅ ታየ።»

«ወረቀቱ ላይ ቀን ተሳስቼ ይሆናል» አለ ምክትሉ።

«ለፖሊስ በአፍህ ዋሽተሃል። ወረቀት ላይ ግን የዚያን ቀን ቀን ጽፈህ ምልክትህን አድርገሃል። ወረቀት ላይ መዋሸት አልቻልክም።»

ምክትሉ የነጡ ጥፍሮቹን ሲያይ ቆየ።

«ሃያ ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ቱቦው ተገልብጦ ነበር አሉኝ። ታችኛው ላይ፣ ላይኛው ታች። ረግረጉ ነው የቀደመው፣ ባሕሩ በኋላ መጥቶ ሰዉን አባረረው አሉኝ። መጽሐፌን በሙሉ ገልብጠው አነበቡልኝ። ሰኞ ለዓለም አሳውቃለሁ አሉ፤ እዚሁ ቆመው፣ እጃቸውን ገንዳው ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ ‹ስማኝ ልጄ› ይሉ ነበር። እኔ መስማት አልፈለግኩም።»

መርማሪው ከኪሱ የሽማግሌውን የመስክ ደብተር አወጣ። ከኮታቸው የተገኘ ነው፤ የዚህ ሥራ ሰዎች በእርሳስ ስለሚጽፉ ውሃው አላጠፋውም። የመጨረሻውን ገጽ አነበበ።

«‹ቁጥር አንድ ተገልብጧል። ከቱቦው ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ቀስቱን የሳልኩትም እኔ ነኝ። ልጄ የጻፈው እኔ በሰጠሁት ነው። ሰኞ በስሜ አሳውቃለሁ፤ እሱ ነፃ ነው።›»

ምክትሉ ደብተሩን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«አልነገሩኝም እኮ» አለ።

«ሊነግሩህ ነው የመጡት። አላስጨረስካቸውም።»

ምክትሉ ገንዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፣ እዚያው እጁን አሠሩት። ሲወስዱት ባለሙያዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ከፓምፑ ሠራተኛ እጅ ካቴናው ተፈታ። ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች፤ እሱ ግን ያልገባው ይመስል የተላጠ እጁን እያሸ መርማሪውን ያየዋል።

«ጋሼ፣ ሞልቼው ነበር?»

«እስከ አፉ።»

«ስንት ጎድሎ አገኙት?»

«ሁለት ጣት። ከዚያ በላይ አልጠጣም። ያን ሞተር አንተ አላቆምከውም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ በረግረጉ ውስጥ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፤ ሙላቱ መምጫው ደርሶ ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ ውሃው በቱቦው ሲወጣ አየ። ሚስቱ ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ እንሂድ አለችው። ትንሽ ልየው አላት። ክዳኑን ፈትቶ ጣቱን ናፍጣው ውስጥ ነከረና አየው። ከደነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከፈተና ነከረ።

መርማሪው ጫማውን ከጭቃው እያላቀቀ ሲሄድ አንዴ ዞር ብሎ አየ። ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ክዳኑን እየፈታ ነበር።